ካርዴን ለአባቴ እንዴት ላሳየው? ቅዳሜ ይመጣል

የገብስ ማሳ (ጠያቂ)፣ ሐሙስ ማታ
እባካችሁ የምታውቁ ሰዎች ቶሎ መልሱልኝ። ዛሬ ካርድ ተሰጠን። 34ኛ ወጣሁ። በፊት አንደኛ ወይም ሁለተኛ እንጂ ሦስተኛ ወጥቼ አላውቅም፤ አባቴም የሚያውቀኝ በዚያ ነው። ካርዱን የወላጅ ፊርማ አስፈርመን ሰኞ መመለስ አለብን። አባቴ ደግሞ ቅዳሜ ስንቅ ይዞልኝ ይመጣል። የቤት ኪራዬን የከፈለው በግ ሸጦ ነው። አብራኝ የምትኖረው ልጅ «ካርድ ገና አልተሰጠንም በዪው፤ ትልልቆቹ ልጆች ይፈርሙልሻል» ትለኛለች። ሌሊቱን ሳነብ አድራለሁ፤ ፈተና ላይ ስቀመጥ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ያነበብሁት ሁሉ ይጠፋብኛል። ጭንቅላቴ ደንዝዟል መሰለኝ። ከትምህርት ቤት ከተመለስሁ ጀምሮ እህል አልቀመስሁም። ልንገረው ወይስ ላስፈርም?

የጦሳ ልጅ
አብሽሪ እህቴ። ስንተኛ ክፍል ነሽ? የት ነው የምትማሪው? 34ኛ የወጣሽው ከስንት ተማሪ ነው? ይህን ሳናውቅ ምን ብለን እንመልስልሽ?

የድሮ ተማሪ
እኛ ስንማር በኩራዝ ነበር። መጽሐፍ ለአምስት ነበር የሚደርሰን፣ መንገዱም በእግር ነበር። ጭንቀት የሚባል ነገር አናውቅም። ማትሪክ ልንፈተን ስንሄድ ሰፈሩ ሁሉ ዱዓ አድርጎ፣ መርቆ ይሸኘን ነበር፤ እኛም የሰው ምርቃት ከንቱ እንዳይቀር እንተጋ ነበር። የዛሬ ልጆች ስልኩ በእጃችሁ ነው፣ መብራቱ በራሳችሁ ላይ ነው፣ ውጤቱ ግን የለም። ስልኩን ዝጊና አንብቢ። አባት በግ የሚሸጠው 34ኛ ለመውጣት አይደለም።

የሦስት ልጆች እናት
ወንድም ዓለም፣ ልጅቱ ሌሊቱን ሳነብ አድራለሁ እያለች መልሶ «አንብቢ» ይባላል? የበጉን ነገርማ እርሷም ታውቀዋለች፤ እንቅልፍ የነሳት እርሱ ነው። የእኔ ልጅ፣ በቅድሚያ አንድ ነገር ቅመሺ። በሶም ቢሆን በጥብጠሽ ጠጪ። ባዶ ሆድ ክፉ ነገር ያሳስባል።

ሌሊት አንባቢ
ሌሊት ካነበብሽ ትንሽ ጫት ይዘሽ ተቀመጪ፤ እንቅልፍ አይነካሽም፣ ሐሳብም ይሰበሰባል። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምናጠናው።

ቡና ወዳድ
ለተማሪ ልጅ ጫት ከምትመክር ዝም ብትል ይሻል ነበር! እህቴ፣ እኔ የምመክርሽ ቡና ነው፤ የምትጠጪው ግን አንቺ አይደለሽም፣ አባትሽ ናቸው። ቅዳሜ ሲደርሱ ውሃ አቅርቢላቸው፣ ምሳ ይብሉ፣ ቡናው ይፈላ። በአቦል ስለ ከብቱ ጠይቂያቸው፣ በቶና ስለ እናትሽ፣ በረካው ላይ ካርዱን አውጪ። በረካ ላይ የተቆጣ ወሎዬ እስካሁን አላየሁም።

የገብስ ማሳ (ጠያቂ)
ሳልነግራችሁ ቀርቼ ነው፣ ይቅርታ። ዘጠነኛ ክፍል ነኝ፣ የምማረው ወሎ፣ አቃስታ ነው። ቤተሰቦቼ ገጠር ስለሆኑ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ክፍላችን 61 ነን። አማካዬ 57 ነው። ሒሳብ 74፣ አማርኛ 81፣ እንግሊዝኛ 55፣ ፊዚክስ 58፣ ኬሚስትሪ 50፣ ታሪክ 47፣ ጂኦግራፊ 46፣ ባዮሎጂ 44። ባዮሎጂን ከሁሉም አብልጬ ነበር ያነበብሁት። አባቴ ይቆጣኛል ብዬ አይደለም የምፈራው፤ «እንግዲያው ይበቃል፣ ተመለሺ» ይለኛል ብዬ ነው። አንዳንዴ ምነው ባልተፈጠርሁ እላለሁ።

ነርሷ፣ ከኮምቦልቻ
የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ዘልዬ ማለፍ አልችልም። እህቴ፣ በግልጽ እጠይቅሻለሁ፣ በግልጽ መልሺልኝ፦ ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ? አዎ ከሆነ ዛሬ ማታ ብቻሽን አትደሪ፤ አሁኑኑ ለአከራይሽ ወይም ለምታምኚው ትልቅ ሰው ንገሪ፣ ወደ ጤና ጣቢያም ይዘውሽ ይሂዱ። ደሴ ሪፈራል በሚባለው፣ አሁን ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በሆነው፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ወደዚያ መላክ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ፈተና ላይ የሚጠፋብሽን በተመለከተ፦ ድንዛዜ አይደለም። ሰው ሲፈራ ሰውነቱ ለመሸሽ ይዘጋጃል፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ለማሰብ የሚያስፈልገው ቦታም በፍርሃቱ ይያዛል። ያነበብሽው አለ፤ ልታወጪው ነው የተቸገርሽው። በዚያ ላይ እንቅልፍ የለሽም። በአንቺ ዕድሜ ያለ ሰው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ቀን የተማርነው የሚጸናው ስንተኛ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ማንበብ ያነበቡትን መልሶ ያስረሳል። ጫቱን የመከርኸው ወንድሜ፣ ጫት እንቅልፍን ያባርራል እንጂ እንቅልፍን አይተካም፤ በነጋታው የሚመጣውን ድብርትና የምግብ ፍላጎት መጥፋት አንተም ታውቀዋለህ።

ከፈተና በፊት የሚደረግ አንድ ነገር ልንገርሽ። በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ የአንቺው እኩዮች የሆኑ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የባዮሎጂ ፈተና ሊፈተኑ ሲሉ፣ ግማሾቹ ለ10 ደቂቃ ያህል ስለ ፈተናው የሚሰማቸውን ፍርሃት በወረቀት ላይ እንዲጽፉ ተደረገ። ፈተና በጣም ከሚፈሩት መካከል የጻፉት ካልጻፉት የተሻለ ውጤት አመጡ። ስለዚህ ፍርሃትሽን ጻፊው፣ ከዚያ ቀደሽ ጣዪው፣ ማንም ማየት የለበትም። ወንበሩ ላይ ስትቀመጪ ደግሞ አየር በአፍንጫሽ ሳቢና ከሳብሽበት ጊዜ አስረዝመሽ በቀስታ አውጪ። ደጋግሚው። መጀመሪያ የምታውቂውን ጥያቄ ፈልገሽ ሥሪ፤ እጅሽ መጻፍ ሲጀምር መንቀጥቀጡ ይቀንሳል።

የገብስ ማሳ (ጠያቂ)
ራሴን ልጉዳ ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ወላሂ። እፍረቱ ከብዶኝ ነው። በሶ ጠጥቻለሁ፣ እናቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከሸዋ በር
እኔ ጥያቄሽን ራሱን አልቀበለውም። ሁላችንም አባትሽን ከሳሽ፣ አንቺን ተከሳሽ አድርገን እየተነጋገርን ነው። አባትሽ አንድ ቀን «አንደኛ ካልወጣሽ ልጄ አይደለሽም» ብለውሽ ያውቃሉ? ካላሉ ጫናው የእርሳቸው አይደለም፣ አንቺው በራስሽ ላይ የጫንሽው ነው። በግ ሽጠው ያስተማሩ ሰው በአንድ ካርድ «ተመለሺ» ይላሉ ብዬ አላምንም።

የገብስ ማሳ (ጠያቂ)
እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም። ግን መስጊድ ሄዶ፣ ገበያ ሄዶ፣ ሰው ቤት ሄዶ «ልጄ አንደኛ ናት» ይላል። ሰፈራችን ውስጥ ሁሉም ሰው ያገኘኝ እንደሆነ «ስንተኛ ወጣሽ?» ነው የሚለኝ፤ ደህና ነሽ ወይ የሚለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

የሦስት ልጆች እናት
አየህ ወንድሜ፣ ጫና ማለት ይህ ነው። ሳይቆጡ የሚጫን ጫና ከዱላ ይከብዳል።

የሐይቁ መምህር
ዘግይቼ አየሁት። የተሰጠውን ውጤት እስኪ ተረጋግተን እንየው፤ ካርድ እንደዚህ ነው የሚነበበው።

አንደኛ፦ ማለፊያው 50 ነው፤ አማካይሽ 57 ነው። በዚህ መንፈቅ ዓመት ከማለፊያው በላይ ነሽ። ማንም እስካሁን ይህን አልነገረሽም።

ሁለተኛ፦ ሒሳብ 74፣ አማርኛ 81 ያመጣች ልጅ ጭንቅላቷ አልደነዘዘም። የወረዱት የትኞቹ ናቸው? ባዮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፤ ማለትም ረጅም ንባብ ያለባቸው። በታችኞቹ ክፍሎች አብዛኛውን የተማርሽው በአማርኛ ነው፤ ዘጠነኛ ላይ ከአማርኛ ትምህርት በቀር ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ሆነ። ሒሳብ ቁጥር ስለሆነ ብዙም አልተነካም። ባዮሎጂን ሌሊቱን ሙሉ ያነበብሽው እንዲገባሽ ሳይሆን እንዲሸመደድ ነው፤ ስለዚህ በፍርሃት ጊዜ የመጀመሪያዋ ቃል ከጠፋች የቀረው ሁሉ ተከትሏት ይጠፋል። ይህን በየዓመቱ ከገጠር በሚመጡ ጎበዝ ልጆች ላይ አየዋለሁ።

ሦስተኛ፦ ክፍልሽ ውስጥ ያሉትን ልጆች ጠይቂያቸው። ብዙዎቹ በየመጡበት ትምህርት ቤት አንደኛና ሁለተኛ የነበሩ ናቸው። የየቀበሌው አንደኛ ሁሉ አንድ ክፍል ሲገባ አንደኛ የሚሆነው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለአባትሽ ይህን በቀጥታ ንገሪያቸው፤ ገበያ የሚውል ሰው ይህ አይጠፋውም።

ፊርማውን በተመለከተ፦ አታስፈርሚ። የክፍል ኃላፊ መምህራን የወላጅ ፊርማ መለየት እናውቃለን። ይልቁንም ነገ ዓርብ ወደ ክፍል ኃላፊሽ ሄደሽ «አባቴ ቅዳሜ ይመጣል፤ ካርዱን አይቶ ይፈርማል፤ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ላይ ምን ላድርግ?» በያቸው። የማጠናከሪያ ትምህርት አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ፤ በብዙ ትምህርት ቤት ለሴቶች ለብቻው ይሰጣል። የዓመቱ ውጤት የሚወጣው ሁለቱ መንፈቅ ዓመት ተደምሮ ለሁለት ተካፍሎ ነው፤ ገና ግማሹ ይቀራል።

አጠናኑም ይቀየር። ከነገው ትምህርት አንድ ገጽ ብቻ ዛሬ ተመልከቺ። የማታውቂያቸውን ቃላት በደብተር ጻፊ፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ የገባሽ ትርጉም በአማርኛ። መምህሩ ሲያስተምር ቃሉን ቀድመሽ ታውቂዋለሽ። ማታ ደግሞ መጽሐፉን ዝጊና የተማርሽውን ለጓደኛሽ በአማርኛ አስረጂያት፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፊ። ያልወጣልሽን ብቻ ተመልሰሽ እዪ። አራት ሰዓት ላይ ተኚ።

የጦሳ ልጅ
እኔም ልል የነበረው ይህንኑ ነው፤ መጽሐፉን ዘግቶ ራስን መጠየቅ። ደጋግሞ ከማንበብ ይበልጣል።

ወልዲያ 2015
በ2015 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተንነው ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት 5.4 በመቶ ነበር። እኔ ካላለፉት ነበርሁ። እናቴ ለጎረቤት መልስ እስክታጣ ድረስ አለቀሰች። ከዚያ የማካካሻ ትምህርት፣ ብዙዎች ሬሜዲያል የሚሉትን ተምሬ አልፌ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነኝ። እህቴ፣ የዘጠነኛ ክፍል ደረጃሽን ዩኒቨርሲቲ ሲያስገባሽ ማንም አይጠይቅሽም፤ 12ኛ ላይ የምትፈተኚው ግን በእንግሊዝኛ ነው። መምህር ያሉሽን የቃላት ደብተር ከአሁኑ ከጀመርሽ ከሦስት ዓመት በላይ አለሽ ማለት ነው።

የድሮ ተማሪ
የእኔን ሐሳብ በክፉ አትዩብኝ። ለልጅቱ ብዬ ነው። የእኛም አባቶች ለሰው «ልጄ ጎበዝ ነው» ይሉ ነበር፤ ፊት ለፊት ግን አይሉንም። መምህሩ ያሉት ትክክል ነው፤ ለአባትሽ በእውነት ንገሪያቸው፣ የምታደርጊውንም አብረሽ ንገሪያቸው። ብቻሽን ከከበደሽ አንድ ትልቅ ሰው አስቀምጪ፤ ሰው ባለበት አባት ቃሉን ይመርጣል።

የገብስ ማሳ (ጠያቂ)፣ ዓርብ ማታ
የክፍል ኃላፊያችንን አናገርኋቸው። የማጠናከሪያ ትምህርት ማክሰኞና ሐሙስ አለ፤ ስሜን ጻፉልኝ። «አባትሽ ከመጡ ሰኞ ጠዋት ይዘሻቸው ነይ፣ እኔም አናግራቸዋለሁ» አሉኝ። ለአከራያችንም ነገርኋት፤ ነገ ቡናውን እርሷ ታፈላለች፣ አብራን ትቀመጣለች። ካርዱን ከፍራሹ ሥር አውጥቼ ደብተሬ ውስጥ አድርጌዋለሁ። አሁንም እፈራለሁ፣ ግን ልተኛ ነው። ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ።

የሦስት ልጆች እናት፣ እሑድ
የእኔ ልጅ፣ አባትሽ ምን አሉ? ሐሳብ ይዞኛል።

ከሸዋ በር፣ ማክሰኞ
መምህር፣ የወንድሜ ልጅም ዘጠነኛ ነው፤ ከወግዲ መጥቶ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ያሉትን ደብተር አስጀመርሁት። ቃላቱን በፊደል ተራ ይጻፍ ወይስ እንደመጣው?

የሐይቁ መምህር
በትምህርት ዓይነትና በምዕራፍ ይክፈለው። በፊደል ተራ ካደረገው መዝገበ ቃላት ይሆንበትና አያነበውም። ለአንድ ምዕራፍ ከሃያ ቃል አይብለጥ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የቀኙን ረድፍ በወረቀት ሸፍነህ አንተ ጠይቀው። የሳተውን ብቻ በሚቀጥለው ሳምንት ገጽ ላይ እንደገና ይጻፈው።