የጎረቤት አገር ጠብ የሃይማኖት ጠብ ሲመስል ለተማሪዎች እንዴት እናስረዳ?

የታሪክ መምህር (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። በደብረ ብርሃን በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ፤ ከክፍል ውጭም የተማሪዎችን የክርክር ክበብ አስተባብራለሁ። ሰሞኑን ለክርክር የቀረበው ርእስ ኢትዮጵያና ጎረቤቶቿ የሚል ነበር። ክርክሩ ስለ ዓባይ ውኃ፣ ስለ ባሕር በርና ስለ ድንበር ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሃይማኖት ዞረ። አንድ ጎበዝ ተማሪ ተነሥቶ ግብፅም ሱማሌም ሱዳንም የሚጠሉን ክርስቲያን ስለ ሆንን ነው፣ ጠቡም ከግራኝ ዘመን ጀምሮ ያልተቋረጠ ነው ሲል አዳራሹ አጨበጨበለት። ከሸዋ ሮቢት መጥታ ከአክስቷ ጋር እየኖረች የምትማር አንዲት ሙስሊም ልጅ ለመናገር ያወጣችውን እጅ አወረደች፤ ተራዋ ሲደርስም «ሐሳቤ ተነሥቷል» ብላ ተቀመጠች። ሐሳቧ እንዳልተነሣ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ነገሩን በአንድ ተግሣጽ መዝጋት እችል ነበር፤ አልፈለግሁም። ተማሪው ክፉ ልጅ አይደለም፤ የተናገረውም ከትልልቆቹ የሰማውን ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ። በአገሮች መካከል ያለው ጠብ እውነተኛ መሆኑን ሳልሸሽግ፣ ጠቡ የሃይማኖት ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ከታሪካችን የትኛውን ማስረጃ ባቀርብ ይሻላል? ሁለተኛም፣ ለረጅም ዘመን ተቃቅረው የኖሩ ጎረቤት አገሮች በእርግጥ የታረቁት በምን መንገድ ነው? ሁላችንም ወንድማማች ነን የሚለውን ንግግር ተማሪዎቼ በየበዓሉ ስለሚሰሙት ከዚያ ጠንከር ያለ ነገር እሻለሁ።

ተጉለቴ

መምህር፣ በመጀመሪያው ጥያቄዎ ላይ ልቆይ። እኔ ብሆን ከ1868 ዓ.ም. እጀምር ነበር። በዚያ ዓመት የግብፁ ገዥ የከዲቭ እስማኤል ጦር በኅዳር ጉንደት ላይ፣ በመጋቢት ደግሞ ጉራዕ ላይ ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ጋር ገጥሞ ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፈ። ዐፄ ዮሐንስ ሕዝቡን የጠሩት ለሃይማኖቱ እንዲዘምት ስለነበረ፣ ይህን ብቻ የሰማ ተማሪ የእርስዎ ተማሪ ያለውን ቢል አያስገርምም። ነገር ግን ማን በየትኛው ወገን እንደተሰለፈ ዘርዘር አድርገው ያሳዩት። ጉንደት ላይ የግብፅን ጦር የመራውና እዚያው የወደቀው አሬንድሩፕ የተባለ የዴንማርክ ሰው ነበር። ጉራዕ ላይ ከግብፃውያኑ አዛዦች ጋር የተሰለፉት እንደ ሎሪንግ ያሉ መኮንኖች ደግሞ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ከዲቩ በደመወዝ የቀጠራቸው አሜሪካውያን ናቸው።

ወደ ሸዋ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። በዚያው በኅዳር ወር ሙንዚንገር የተባለ፣ በትውልዱ የስዊስ ሰው የሆነ የከዲቩ ሹም ከታጁራ ተነሥቶ በአውሳ በኩል ወደ ሸዋ ይጓዝ ነበር። የጉዞውም ዓላማ ሸዋን መውጋት ሳይሆን ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር በዐፄ ዮሐንስ ላይ መተባበር ነበር። አውሳ ሲደርስ አፋሮች ሌሊት ወድቀውበት እርሱም አብዛኛው ሰዉም አለቀ። እንግዲህ ክርስቲያኑ የሸዋ ንጉሥ ከሙስሊሙ ከዲቭ ጋር ሲላላክ፣ የከዲቩን ጦር የደመሰሱት ሙስሊሞቹ አፋሮች ናቸው ማለት ነው። ተማሪዎችዎ የእነዚህን ሁሉ ሰዎች ስም ሰሌዳው ላይ ክርስቲያንና ሙስሊም በሚሉ ሁለት ረድፎች ከፋፍለው እንዲጽፉ፣ ከዚያም ማን ከማን ጋር እንደተዋጋ በመስመር እንዲያያይዙ ያዝዟቸው። የመጀመሪያው መስመር ሳያልቅ ጥያቄው ከራሳቸው ይመጣል።

ሃይማኖት ፈጽሞ የለበትም ብለው ግን እንዳያስተምሩ አደራ፤ እውነት አይሆንም። የተጉለት ሰው ነኝና ደብረ ምጥማቅን ሳላነሣ አላልፍም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የደብረ ምጥማቅ ቤተ ክርስቲያን መፍረሷ ሲሰማ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዚያው ስም ተጉለት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ለግብፁ ሡልጣን ለጃቅማቅም ደብዳቤ ላኩ። በደብዳቤያቸውም በግዛታቸው ያሉ ሙስሊሞች ሳይነኩ በሰላም እንደሚኖሩ አስታውሰው፣ የዓባይ ምንጭ በእጃቸው መሆኑንም ጠቀስ አደረጉ። ይህ በግልጽ የሃይማኖት ጠብ ነበር። ሆኖም ከዚያው ከግብፅ ጳጳስ ማስመጣታችን ለተጨማሪ 500 ዓመታት ያህል ቀጥሎ፣ አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርክ ሆነው እስኪሾሙ ድረስ ዘልቋል። በኢየሩሳሌም በዴር ሡልጣን ገዳም እስከ ዛሬ ከመነኮሳቶቻችን ጋር የሚካሰሱትም በእምነት የሚመስሉን የግብፅ ኮፕቶች ናቸው።

ከመሐል ሜዳ

የተጉለቴ ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ልጆቻችንን እያዘናጋናቸው እንዳይሆን እሰጋለሁ። የኤርትራ ነጻነት ግንባር በ1952 ዓ.ም. የተመሠረተው ካይሮ ላይ ነው። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያው ዚያድ ባሬ ሲወረን ግብፅ የቆመችው ከእርሱ ጋር ነው። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከሶማሊያ ጋር የወታደራዊ ትብብር ስምምነት ፈርማለች። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን የዓባይን ውኃ ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ሲከፋፈሉ እኛን ማን ጠየቀን? ጠላት የለንም ብለን ስላስተማርን ጠላት አይጠፋም። መምህሩ ተማሪውን በማረም ሰበብ ዘብ መቆምን እንዳያስረሱት እላለሁ።

ተጉለቴ

ከመሐል ሜዳ፣ የዘረዘሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ይቀጥሉት። በ1970 ዓ.ም. ዚያድ ባሬ ተመትቶ ሲመለስ ከእኛ ጎን ከሶቭየት ኅብረትና ከኩባ ሌላ ማን ነበረ? ሙስሊሞቹ ደቡብ የመንና ሊቢያ አልነበሩም ወይ? ከሶማሊያ ጋር በባሕር በር ጉዳይ ተካርረን ሳለን በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አንካራ ላይ ያነጋገረችን ቱርክስ ሃይማኖቷ ምንድን ነው? ዘብ መቆም የሚጎዳ አይደለም። ነገር ግን ጉዳዩ ውኃ ከሆነ ውኃ ነው ብሎ የሚያውቅ ዘበኛ በስንት ሜትር ኩብ ላይ እንደሚደራደር ያውቃል፤ ጉዳዩ እምነት ነው ብሎ የሚያምነው ግን የሚደራደርበት ነገር የለውም፤ ጠብ ብቻ ይቀረዋል።

ለመምህሩ አንድ ነገር ልጨምር። በከተማችሁ የሚያልፈው የበሬሳ ወንዝ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ይገባል። የጣርማበርን ተራራ ተሻግሮ በደብረ ሲና በኩል የሚወርደው ውኃ ደግሞ ወደ አዋሽ ስለሚሄድ ግብፅን አያይም። ተማሪዎቹን ወደ በሬሳ ድልድይ ወስደው ይህ ውኃ የት እንደሚደርስ፣ እዚያ የሚጠብቀው ገበሬም ሌላ ወንዝ እንደሌለው ቢነግሯቸው፣ የእኛም መብት የእነርሱም ስጋት በአንድ ጊዜ ይታያቸዋል።

ጡረተኛ ሾፌር (ደብረ ሲና)

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ የማውቀው የአሰብን መንገድ ነው። ያኔ መኪናው ሁሉ በደብረ ብርሃንና በጣርማበር አድርጎ፣ በኮምቦልቻና በሚሌ ወደ አሰብ ይወርድ ነበር። እኛ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ይዘን ማታ ደብረ ሲና እንደርስና በዚያ ጉም ውስጥ የገብስ ቆሎ ገዝተን እናድራለን። አሰብ ስንደርስ የምናርፍባቸው ቤቶች ባለቤቶች ትግርኛም አማርኛም አፋርኛም ይናገሩ ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር መንገዱ ተዘጋ፤ ጭነቱም በጅቡቲ ሆኖ በአዋሽ በኩል ስለዞረ ደብረ ሲና በአንድ ጊዜ ቀዘቀዘች።

መምህር፣ ለዚያ ተማሪ ስለዚህ ጦርነት ይንገሩት። በሁለቱም ምሽግ ውስጥ ኪዳነ ምሕረትን የሚጠራም አላህን የሚጠራም ወታደር ነበረ። የበዓሉ ቀን አንድ፣ ጾሙ አንድ፣ እንጀራው አንድ ሆኖ ሳለ በሁለት ዓመት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። የእምነት አንድነት ብቻውን ያላስጣለውን ጠብ የእምነት ልዩነት አመጣው ማለት ለእኔ አይገባኝም።

ስለ ዕርቁም አንድ ነገር ልበል። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. አስመራ ላይ ሁለቱ መሪዎች ተቃቅፈው ሲፈራረሙ አልቅሻለሁ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የድንበር በሮቹ ቡሬና ዛላንበሳ ሲከፈቱ፣ ዕድሜዬ ባይፈቅድም ልጄን መንጃ ፈቃድህን አድስ ብዬው ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ በሮቹ ሁሉ መልሰው ተዘጉ። ሰዉ ሲሻገርና ሲነግድ የቀረጡ ልክ፣ የናቅፋውና የብሩ ምንዛሪ፣ የመግቢያው ፈቃድ በምን ሕግ እንደሚሠራ ጽፎ ያስቀመጠ አልነበረም። በእኛ አገር ደም ሲታረቅ እንኳ ሽማግሌ በመሐላ ብቻ አይለቅም፤ ካሳው ስንት እንደሆነ፣ ማን መቼ እንደሚከፍል፣ ዋሱ ማን እንደሆነ ተቆርጦ ነው ሰዉ የሚነሣው። ያ ግን ዋስ ሳይኖረው ዕርቅ ተባለና ተበተንን።

የአልዩ አምባ ልጅ

ጋሽ ሾፌር ለሁለተኛው ጥያቄ ጥሩ መንገድ ስለከፈቱልኝ ከዚያ ልቀጥል። ፈረንሳይና ጀርመን በ70 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የተዋጉ ጎረቤታሞች ናቸው። ብዙዎች የሚያስታውሱት መሪዎቻቸው ደ ጎልና አደናወር እ.ኤ.አ. በ1962 በሬምስ ካቴድራል ጎን ለጎን ሆነው ቅዳሴ ያስቀደሱበትን ቀን ነው። ያ ቀን የመጣው ግን ከሌሎች አራት አገሮች ጋር ሆነው የከሰላቸውንና የብረታቸውን ምርት በአንድ የጋራ ባለ ሥልጣን ሥር ለማድረግ ከፈረሙ ከ11 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የፈረሙት የኤሊዜ ውል ደግሞ መሪዎቹ ጉዳይ ቢኖርም ባይኖርም በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቹም በየሦስት ወሩ እንዲገናኙ ያስገድዳል። በዚያው ዓመት ወጣቶችን የሚያለዋውጥ የጋራ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። የጋራ የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ ያሳተሙት ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ለመምህራን የሚከብደው ሥራ መጨረሻ ላይ እንደመጣ ልብ ይሏል።

የሃይማኖት ሰዎች ቀድመው የተገኙበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 የፖላንድ የካቶሊክ ጳጳሳት ለጀርመን ጳጳሳት «ይቅር እንላለን፤ ይቅርታም እንጠይቃለን» ብለው ሲጽፉ የገዛ መንግሥታቸው እጅግ ተቆጣ። ሁለቱ መንግሥታት በድንበሩ ላይ ውል የፈረሙት ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ስለ ነጃሺ ሁሉም ስለሚያነሣው እዚህ አልደግመውም፤ ክፍል ውስጥ በተነሣ ቁጥር ውይይቱ በፈገግታ ተዘግቶ ጥያቄው ሳይመለስ ሲቀር አይቻለሁ።

ከአገራችን ምሳሌ ከፈለጉ ግን እስከ 1879 ዓ.ም. ድረስ ሐረር፣ ግብፅ ከያዘቻት አሥር ዓመት ያህል በቀር፣ በአሚሮቿ የምትተዳደር ሌላ አገር እንደነበረች ያስተምሯቸው። ሸዋና ሐረር በእምነት የማይመሳሰሉ፣ ከግራኝ ጦርነት ጀምሮ ብዙ ቂም የነበረባቸው ጎረቤታሞች ናቸው። ሆኖም በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ የሐረርና የታጁራ ቅፍለት ማረፊያ ነበረች። ንጉሡም በገበያው ላይ ሙስሊም ሹም አስቀምጠው ነበር፤ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሬውና ደገኛው እዚያ ይገበያዩ ነበር። ከሚሸጠው ውስጥ ባሪያ ስለነበረ ዘመኑን አላሳምረውም። ነገር ግን የሁለት ጠበኛ አገሮች ሰዎች ያለ ፍርሃት የሚገናኙበት፣ ሹሙና ቀረጡ የታወቀ ቦታ ነበራቸው፤ ቡሬ ያጣችው እርሱን ነው።

አሁን ስለ ልጅቷ። እኔም በእርሷ ዕድሜ እንደዚያ ያለ ክፍል ውስጥ ተቀምጫለሁ። ካይሮን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ነገር ግን ስለ ካይሮ በተጨበጨበ ቁጥር ክፍሉ ወደ እኔ ዘወር ይል ነበር። በውጭ አገር ላይ የሚነሣ ጥላቻ ሃይማኖት ሲለብስ ካይሮ አይደርስም፤ አጠገብ የተቀመጠው ልጅ ላይ ያርፋል። ስለዚህ መምህር፣ በሚቀጥለው ክርክር ሙስሊም ስለሆነች ብለው ስለ ሙስሊም አገር እንድትናገር እንዳያደርጓት እለምንዎታለሁ። ስለ ውኃ ክፍፍሉ ወይም ስለ ጉራዕ ትናገር፤ የኢትዮጵያን ወገን ይዛ ትከራከር።

የታሪክ መምህር (ደብረ ብርሃን)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሚቀጥለው ክርክር እ.ኤ.አ. በ1959 የተደረገው የውኃ ክፍፍል ፍትሐዊ ነበር ወይስ አልነበረም በሚል ይሆናል። ያጨበጨቡለትን ተማሪ በግብፅ ወገን፣ የሸዋ ሮቢቷን ልጅ በኢትዮጵያ ወገን መድቤአቸዋለሁ፤ ልጁ ሲሰማ ተቃውሞ ነበር፣ ኋላ ግን ቁጥሮቹን ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ገብቷል። የ1868ቱን ሰሌዳ ከክርክሩ በፊት በክፍል ውስጥ እሠራዋለሁ። ከመሐል ሜዳ የጻፉት ወንድሜም የሥጋታቸውን ዝርዝር ቢልኩልኝ ሳልቀንስ ለክበቡ አነባለሁ። ጋሽ ሾፌር፣ ፈቃደኛ ከሆኑ በአንዱ ቅዳሜ መጥተው ስለ አሰብ መንገድ እንዲያጫውቱን እፈልጋለሁ፤ የአውቶቡሱን ወጪ ክበቡ ይሸፍናል።

ጡረተኛ ሾፌር (ደብረ ሲና)

እመጣለሁ መምህር። ከገበያ ቀን በቀር የትኛውም ቅዳሜ ይመቸኛል፤ ቀኑን አስቀድመው ያስታውቁኝ።