የሬሳ እሳት በስሎው ሞሽን፦ መቀረጽ ነበረበት ወይ?

አስተባባሪው፦ ትናንት የዚህ የቪዲዮ ባለሙያዎች ግሩፕ አንድ አባል ሕንድ፣ ቫራናሲ ሄዶ የሠራውን የ4 ደቂቃ ቪዲዮ ለቆ ነበር። ላላያችሁት፣ ግማሹ ዳሻሽዋሜድ ጋት (ጋት ማለት ወደ ወንዙ የሚወርድ ደረጃ ነው) ላይ ማታ ማታ የሚደረገው የጋንጅስ አርቲ ነው፤ ለወንዙ መብራት እያዞሩ የሚያቀርቡት አምልኮ። ግማሹ ማኒካርኒካ ጋት፣ ሬሳ የሚቃጠልበት። ሁሉም ስሎው ሞሽን፣ ከሥሩ ቫዮሊን። ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ። እዚህ ተከራከሩ፣ ስድብ የለም።

ቀራጩ፦ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ተደብቄ አልቀረጽኩም። ቦታው የወንዝ ዳር ነው፣ ጀልባ ላይ ሆነህ ሁሉም ይታያል። ደግሞ በሂንዱ እምነት ማየት ራሱ አምልኮ ነው፣ ዳርሻን ይሉታል። ሰው ቤተ መቅደስ የሚሄደው አምላኩን ሊያይ ነው። እንዲህ ያለ እምነት ካሜራ ይጠላል አትበሉኝ።

ኤዲተሯ፦ ዳርሻንን ግማሹን ነገርከን። ማየት ብቻ ሳይሆን መታየትም ነው፤ አምላኩም አማኙን ያየዋል። አንተን በዚያ ረጅም ሌንስ ማን አየህ? ካሜራ አይጠሉም ላልከው፣ ሂማላያ ላይ ያለው የኬዳርናት ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. በ2023 ውስጡን ፎቶና ቪዲዮ ማንሳት ከልክሏል። የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2022 መጨረሻ በደቡብ ሕንድ የታሚል ናዱ ግዛት ቤተ መቅደሶች ውስጥ ስልክ እንዳይገባ አዟል። የከለከሉት ራሳቸው ናቸው።

ዝም ብዬ የማነበው፦ በ2025ቱ የማሃ ኩምብ በዓል (ሂንዱዎች ወንዝ ውስጥ የሚታጠቡበት) ሴቶች ሲታጠቡ የሚያሳይ ቪዲዮ በለቀቁ ገጾች ላይ የኡታር ፕራዴሽ፣ ቫራናሲ ያለችበት ግዛት፣ ፖሊስ መዝገብ ከፍቷል። እሱም የወንዝ ዳር ነበር።

ቪዛግ (ሕንድ) የተማርኩት፦ ሁለቱን አትቀላቅሉ። አርቲው ለተመልካች የተዘጋጀ ነው። ወጣት ካህናት መድረክ ላይ ቆመው ባለብዙ ፎቅ የነሐስ መብራት እኩል ያዞራሉ፤ ሕዝቡም ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ማንም አይቆጣህም። ማኒካርኒካ በእግር ትንሽ ሄደህ ነው፣ ግን ሌላ ዓለም። እንጨቱ እንደ ቤት ተከምሯል፣ በትልቅ ሚዛን እየተመዘነ ይሸጣል። ሬሳው በቀርከሃ ቃሬዛ ይመጣና መጀመሪያ ወንዙ ውስጥ ይነከራል። ብዙ ጊዜ ትልቁ ልጅ ነው እሳቱን የሚለኩሰው፤ ራሱን ተላጭቶ፣ ነጭ ለብሶ። ሲያበቃ በሸክላ ማሰሮ ውሃ ይዞ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ይወረውረዋል። ከዚያ ዞር ብሎ ሳያይ ይሄዳል። ያንተ ቪዲዮ ላይ በጣም ያማረው ሾት ይሄ ነው። ያስፈቀድከው ማንን ነው?

ቀራጩ፦ እዚያ ያሉ ሰዎችን። ከፍያለሁም።

ቪዛግ የተማርኩት፦ «ለድሃ ሟች እንጨት መግዣ» ብለው ተቀብለውህ ነዋ። እኔንም ጠይቀውኛል። እነሱ የሟች ቤተሰብ አይደሉም፣ ወንድሜ። ደላላ ናቸው።

ቀራጩ፦ እሺ። ግን እኛስ ቀብር እንቀርጽ የለም እንዴ? ግማሾቻችሁ እኮ የምትበሉት በሠርግና በቀብር ነው።

የሠርግ ካሜራማን፦ ይሄ ለእኔ ነው። አዎ፣ እንበላለን። አንድ ጊዜ ለአንዲት እናት ቀብር ተጠራሁ። ሴት ልጃቸው ሪያድ ናት፣ አሠሪዋ አልለቃትም፤ ያሰቀረጹት ለእሷ ነው። አፈር ሲለብሱ ወንድሟ መጣና እጁን ሌንሱ ላይ አደረገ። «ይሄን አታሳያት» አለኝ። አጠፋሁት። ገንዘቡንም ሙሉ ከፈሉኝ። ልዩነቱ እጁ ነው። ያ ልጅ እጁ ይደርስብኝ ነበር። ማሰሮ የወረወረው ልጅ አንተ ጋ በምን ይድረስ? ጀልባ ላይ ነህ።

ኤዲተሯ፦ እኔን ደግሞ የገረመኝ ድምፁ ነው። እዚያ ሰው «ራም ናም ሳትያ ሃይ» (የአምላክ ራም ስም እውነት ነው) እያለ ሬሳ ተሸክሞ ጠባቡን መንገድ ይወርዳል። ውሻ ይጮኻል። እንደኛ ሙሾ አይወርድም፤ እንባ ነፍስን ይይዛል ይላሉ። አንተ ያን ሁሉ አጥፍተህ ቫዮሊን ጨመርክ፣ እንድናለቅስ። ሲኒማቲክ ማለት ይሄ ከሆነ ይቅርብኝ።

ቀራጩ፦ ቫዮሊኑን ተውኩት፣ በቃ። የልጁንም ሾት አወጣዋለሁ። እሳቱ ግን ይቆያል፣ እሳት ፊት የለውም።

ኤዲተሯ፦ 2:41 ላይ አቁምና ከእንጨቱ በስተቀኝ እይ። እግር ነው።

ቀራጩ፦ ቆይ ልየው።