ያገለገለ ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር ልንገዛ ነው፤ ምኑን እንመርምር?

የመልካሳ መንገድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዳማ ነው፤ የአባቴ እርሻ ግን ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ፣ አዋሽ መልካሳን አልፎ ደራ ሳይደረስ ይገኛል። ስድስት ሄክታር ገደማ ነው። አፈሩ ቀላል፣ አሸዋ የበዛበት ሲሆን በአንድ ወገን ድንጋይ አለበት። ጤፍና ቦሎቄ እንዘራለን፤ ዝናቡ ቀደም ብሎ ከገባ በቆሎም እንሞክራለን።

እስካሁን ያረስነው በበሬና በኪራይ ትራክተር ነው። የሚያንገበግበኝ የኪራዩ ዋጋ አይደለም። ዝናብ ሲጥል ገበሬው ሁሉ ትራክተር የሚፈልገው በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው፤ ወረፋው እኛ ዘንድ ሲደርስ እርጥበቱ ሄዷል። አባቴ መሬቱን እያየ ዝም ይላል። እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ኢተያ አካባቢ አንድ አባወራ ማሲ ፈርጉሰን 135 ይሸጣሉ። ሞተሩ ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ነው፤ ቀለሙ አዲስ ነው፤ ባለ ሦስት ዲስክ (እየተሽከረከረ አፈር የሚገለብጥ ክብ ብረት) ማረሻም አብሮ ይሸጣል። ደላላው «ሞተሩ አልተነካም» ይላል። ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር ልናየው እንሄዳለን። ወንድሜ መኪና ይነዳል፤ ትራክተር ግን ነድቶ አያውቅም። ለመሬታችን ይበቃል ወይ? ስናየው ከምን እንጀምር?

የወለንጪቲ ገበሬ፦
እህቴ፣ ለስድስት ሄክታር ትራክተር መግዛት ገንዘብን ብረት ላይ ማሰር ነው። ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ባትሪው ይሞታል፣ ጎማው ይሰነጠቃል። ከጎረቤቶችሽ ጋር ተስማምታችሁ አንዱን ባለ ትራክተር ከሚያዝያ ጀምሮ ቀብድ ብትሰጡት ይሻላል። እኛ እንደዚያ ነው የምናደርገው።

ጡረተኛው መካኒክ፦
ልጄ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በትራክተር ጥገና ነው፤ ይህን ማሽን ደግሞ እወደዋለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም። የወለንጪቲው ወንድማችን ያለው ለብዙ ሰው ልክ ነው። ነገር ግን በስምጥ ሸለቆ ዝናብ ጥቂት ቀን መዘግየት ሰብል ያሳጣል፤ ለጎረቤትም እያረሳችሁ ከሠራችሁበት ትራክተሩ ወጪውን ይችላል።

135 የተመረተው በፈረንጆች ከ1964 እስከ 1975 ነው። ስለዚህ ትንሹ እንኳ የሃምሳ ዓመት ማሽን ነው፤ ሞተሩ ፈጽሞ አልተነካም ማለት ዘበት ነው። መነካቱ ነውር የለውም፤ ማን እንደሠራውና ምን እንደተቀየረ ጠይቁ። ያው 2.5 ሊትር የፐርኪንስ ሞተር በኋላ በመጣው ማሲ ፈርጉሰን 240 ላይም ስለተገጠመ መለዋወጫው ብርቅ አይደለም።

እኔን ያሳሰበኝ ማረሻው ነው። ይህ ሞተር አዲስ ሳለ 45 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው። ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የናፍጣ ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ አዳማ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት፣ ኢተያ ደግሞ ከዚያም ከፍ ትላለች። እንግዲህ እጃችሁ የሚገባው ከ40 በታች ነው። ይህ ለሁለት ዲስክ ይበቃል፤ ሦስት ዲስክ ግን ይከብደዋል። ለዓመታት ሦስት ሲጎትት ከኖረ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው ዋጋ ከፍለዋል። ስለዚህ ሻጩን በትሕትና «በዚህ ማረሻ ስንት ክረምት አረሱበት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከቀለሙ ይልቅ ብዙ ይነግራችኋል።

ሳትደርሱ ሞተሩ እንዳይነሳ ንገሯቸው። ስትደርሱ መጀመሪያ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አሳርፉ። ከሞቀ ሻይ ጠጥታችሁ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ የደከመ ሞተር ሲሞቅ ደህና መስሎ ይነሳልና። በእኛ አየር ጤነኛ ፐርኪንስ ሞተሪኖው ጥቂት እንደዞረ ይነሳል። ሲነሳ ትንሽ ነጭ ጭስ አያስደነግጥም፤ ከሞቀ በኋላም ነጭ ከሆነ ኖዝል (ናፍጣ የሚረጨው) ወይም ኮምፕሬሽን (ሞተሩ አየር የሚያምቅበት ኃይል) ደክሟል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ጭነት ሲበዛበት ጥቂት ጥቁር ማጨሱ በከፍታችን የተለመደ ነው። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ፤ ጭስ በኃይል ከተፋ ፋሻዎቹ (የፒስተን ቀለበቶቹ) አልቀዋል። የዘይት መለኪያው ላይ ወተት የመሰለ ነገር ካያችሁ ውኃ ገብቷል፤ ትታችሁ ተመለሱ።

ማረሻውን አንሥታችሁ ሞተሩን አጥፉ። ቀስ ብሎ መውረዱ የዕድሜ ነው፤ ወዲያው ከወደቀ ግን ሃይድሮሊኩ ያፈሳል። በዚህ ትራክተር ሃይድሮሊኩና ካምቢዮው የሚጠቀሙት አንድ ዘይት ነው፤ ዘይቱ ከቆሸሸ ፓምፑም አብሮ ይጎዳል። የኋላ ጎማዎቹን የውስጥ ጎን ተመልከቱ፤ በዘይት ከራሰ ፍሬኑ ውስጥ ዘይት ገብቷል ማለት ነው። በመጨረሻ ማሳ ውስጥ በየማርሹ አርሱበት፤ ጭነት ሲይዝ ማርሽ የሚተፋ ከሆነ ካምቢዮው መከፈቱ አይቀርም፣ ያንን ከዋጋው ቀንሱ።

የመልካሳ መንገድ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። በሁለት ዲስክ ስድስት ሄክታር ስንት ቀን ይፈጃል? ድንጋዩስ?

ጡረተኛው መካኒክ፦
ሁለት ዲስክ በአንድ ጊዜ ግማሽ ሜትር ከምናምን ይገለብጣል። በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ መዞሪያውን ጨምሮ ለአንድ ሄክታር አምስት ሰዓት ያህል ያዙ። በቀን ስምንት ሰዓት ከሠራችሁ የመጀመሪያው እርሻ በአራት ቀን ያልቃል። ለድንጋዩ ዲስክ ጥሩ ነው፤ ሲነካው ላዩ ላይ ይንከባለላል። ወንድምሽ ግን እዚያ ፍጥነት ይቀንስ።

ሊብሬ አይቼ ነው የምገዛው፦
ስለ ወረቀቱ ማንም ስላላነሣ ልጨምር። በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። አዲስ ቀለም ቁጥሩን ከሸፈነው አስጠርጉት። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አጣሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆኑ የባለቤታቸውም ፊርማ ያስፈልጋል። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድ መሆኑን አንብቡ።

ጡረተኛው መካኒክ፦
አንድ ነገር ለወንድምሽ። ይህ ትራክተር በዕድሜው ምክንያት ሲገለበጥ ሹፌሩን የሚጠብቅ ብረት አይኖረውም። ጉቶም ሆነ የተቀረቀረ መኪና ሲጎትት ሰንሰለቱን ከታች ካለው መጎተቻ ላይ ይሰር፤ ከፍ አድርጎ ካሰረ የፊት ጎማው ተነሥቶ ወደ ኋላ ይገለበጥበታል። ከኋላ ጎማው በላይ ባለው መከላከያ ላይ ሕፃን አያስቀምጥ። ሌላ መሣሪያ የሚያዞረው የኋላው ዘንግ ሲሽከረከር ጋቢ ወይም ነጠላ የለበሰ ሰው አጠገቡ አይቁም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትራክተር የሚያውቅ ሰው አብሮት ይዋል፤ ካጣችሁ አዳማ ስላለሁ እኔ እመጣለሁ።