የቴክሳስ ፒንቦል ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ፦ ከየት ልጀምር? ማሽን ስገዛስ ምኑን ልይ?

የጋርላንዷ

ሰላም ለሁላችሁ። ማርች ላይ ፍሪስኮ ከተማ በሚካሄደው የቴክሳስ ፒንቦል ፌስቲቫል ከ11 ዓመት ልጄ ጋር ልገኝ አስቤያለሁ። ፍሊፐር (ኳሷን የሚመታውን ክንድ) መምታት እንችላለን፤ ከዚያ ያለፈ እውቀት የለንም። በመቶዎች የሚቆጠር ማሽን አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲደረደር ከየት ይጀመራል? ሦስቱንም ቀን መሄድ ያስፈልጋል ወይስ አንዱ ይበቃል? ውድድሩ ውስጥ ጀማሪ ቢገባ ያስቸግራል? ደግሞ ዋጋው ከተስማማኝ አንድ ያገለገለ ማሽን ገዝቼ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ልልክለት እፈልጋለሁ። ሲገዛ ምኑ ምኑ ይታያል?

ባለ ሦስት ኳስ

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ዓርብ ማታን ምረጪ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ይበዛል፤ አዳዲስ ማሽኖች በቆሙባቸው የአምራቾች ማሳያዎች ላይ ለአንድ ጨዋታ ረጅም ወረፋ ይጠበቃል። እሑድ ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ቅዳሴ ላለበት ሰው ግን አይመችም፣ ከቀትር በኋላም ባለቤቶቹ ማሽናቸውን ፈታተው መጫን ይጀምራሉ።

ዓርብን የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለ። አብዛኞቹ ማሽኖች ግለሰቦች ከቤታቸው ጭነው ያመጧቸው ናቸው። ቤት ውስጥ በሳምንት ጥቂት ጨዋታ የሚያስተናግድ ማሽን አዳራሹ ውስጥ ቀኑን ሙሉ እረፍት የለውም። ፍሊፐሩን የሚያንቀሳቅሰው ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ሲግል የሽቦው ሬዚስታንስ ይጨምራል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ዓርብ ራምፑን (ዳገታማውን መንገድ) በቀላሉ ትወጣ የነበረች ኳስ ቅዳሜ ማታ ከመንገድ ትመለሳለች። ስለዚህ ራምፕና ማግኔት የበዛባቸውን የ1990ዎቹ ማሽኖች ሳይደክሙ ተጫወቱባቸው፤ በ1992 ወጥቶ 20,270 የተመረተውን አዳምስ ፋሚሊን የመሰሉትን ማለቴ ነው። ወረፋው ሲበዛ ወደ 1960ዎቹና 70ዎቹ ሜካኒካል ማሽኖች ዞር በሉ። ለልጅሽ እነሱ በጣም ጥሩ መጀመሪያ ናቸው፦ ኳሷ ዝግ ትላለች፣ ሕጉም ከፍሊፐሮቹ በታች ባለችው ካርድ ላይ በጥቂት መስመር ተጽፏል።

መግቢያውን ከከፈላችሁ በኋላ ሳንቲም አያስፈልግም፤ ማሽኖቹ በነፃ መጫወቻ ላይ ናቸው። የማስጀመሪያውን ቁልፍ አንዴ መጫን ለአንድ ሰው ነው፤ ሁለቴ ሲጫን ለሁለት፣ ብዙዎቹም እስከ አራት ሰው ይይዛሉ። ሌላ ሰው የመጀመሪያ ኳሱን እየተጫወተ ሳለ ቁልፉ ከተነካ ተጫዋች ይጨመርበታል፤ ልጅሽን ይህን አስቀድመሽ ንገሪው። ከኋላ የሚጠብቅ ካለ አንድ ጨዋታ ጨርሶ መልቀቅ ነው፤ «አብረን እንጫወት?» ብሎ መጋበዝ ደግሞ የተለመደ ነው፣ ወረፋውንም ያሳጥራል። መስታወቱ ላይ መጠጥም ስልክም አይቀመጥም።

ኳስ ከተጣበቀች ማሽኑን አትነቅንቁት። ሁለቱንም ፍሊፐር ልቀቁና ጠብቁ፦ የኤሌክትሮኒክስ ማሽኖች ከጥቂት ሰኮንዶች በኋላ ኮይሎቹን በየተራ እየመቱ ኳሷን ይፈልጋሉ። ፍሊፐሩን ወደ ላይ ይዞ የቆመ ሰው ግን ፍለጋውን ራሱ ያግደዋል፤ ማሽኑ ኳሷ በፍሊፐሩ ላይ ተይዛለች ብሎ ይቆጥራልና። ካልተፈታች ባለቤቱን ወይም የአዳራሹን ጠጋኝ ጥሩ። የጠፋ ማሽን በራሳችሁ አታብሩ፤ ባለቤቱ በምክንያት ነው ያጠፋው።

ተራ ጠባቂ

ስለ ውድድሩ። ጀማሪ መግባት ይችላል፣ እኔ ግቢ ነው የምለው። ትልልቆቹ ውድድሮች ውጤታቸውን አይኤፍፒኤ ለሚባለው ዓለም አቀፍ የፒንቦል ማኅበር ስለሚያስመዘግቡ አንዴ ከተወዳደርሽ ስምሽ በዓለም ደረጃ ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባል። ምዝገባው ቶሎ ይሞላል፤ ፕሮግራሙ እንደወጣ ተመዝገቢ። ለልጆች የተለየ ውድድር ካለም ለልጅሽ ከዋናው ይሻለዋል።

ጀማሪን ከጨዋታ የሚያስወጡት የችሎታ ማነስ ሳይሆን ሦስት ነገሮች ናቸው። አንዱ ያለ ተራ መጫወት ነው፤ የሌላ ሰው ኳስ ከነካሽ በዚያ ጨዋታ ዜሮ ይሰጥሻል። ስለዚህ ኳስ ከመልቀቅሽ በፊት ማሳያው ላይ የስንተኛ ተጫዋች ተራ እንደሆነ አንብቢ። ሁለተኛው ቲልት ነው፤ ማሽኑን ከልክ በላይ መነቅነቅ ማለት ነው። ማሽኑ ውስጥ ቀለበት መሃል የተንጠለጠለ ፔንዱለም አለ፤ ከቀለበቱ ጋር ሲነካካ ብዙዎቹ ማሽኖች አንድ ሁለት ጊዜ ያስጠነቅቁና ኳሱን ይወስዱብሻል። የሚብሰው፣ ፔንዱለሙ ሳይረጋ ቀርቶ የሚቀጥለውን ሰው ኳስ ካስወሰደበት ነው፤ ከዚያ ጨዋታ ትሰረዢያለሽ። ማስጠንቀቂያ ሲመጣ እጅሽን አላልተሽ ኳሷን በፍሊፐር ያዢና ፔንዱለሙ እስኪረጋ ታገሺ። የድሮ ሜካኒካል ማሽኖች ማስጠንቀቂያ የላቸውም። ሦስተኛው ጭማሪ ኳስ ነው። በውድድር ጭማሪ ኳስ አይሠራበትም፤ ከመጣ አስወንጭፈሽ ፍሊፐር ሳትነኪ ትተዪዋለሽ።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ ተለማመዱ፦ ሁለቱን ፍሊፐር ባንድ ላይ አለመምታት። ሁለቱም ሲነሱ መሃላቸው ይሰፋል፣ ኳሷም ቀጥ ብላ ትወርዳለች። ከላይ የምትመጣ ኳስ ያልተነሳ ፍሊፐር ላይ ካረፈች ብዙ ጊዜ ሳትነካ ነጥራ ወደ ሌላው ትሻገራለች፤ እዚያ ፍሊፐሩን አንስቶ መያዝ፣ ከዚያ ማነጣጠር ነው። ይህ አንድ ልማድ ከማንኛውም ጥበብ የበለጠ ነጥብ ያመጣል።

የኮይል ሽታ

ስለ ግዢው እኔ ልበል። አዲስ የስተርን ኩባንያ ማሽን መነሻው ወደ 7,000 ዶላር ነው፤ ያገለገለም ቢሆን ርካሽ አይደለምና በዓይን ብቻ አይገዛም። ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቂው፦ መስታወቱን እንዲያወጣ፣ ኳሷ የምትሮጥበትን ሰሌዳ ወደ ላይ እንዲያነሳ፣ የላይኛውን ሳጥን እንዲከፍት። የሚያቅማማ ሻጭ ከሆነ ወደሚቀጥለው ማሽን እለፊ።

የላይኛው ሳጥን ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው የባትሪ ድንጋይ ነው። የ1990ዎቹ የዊሊያምስና የባሊ ማሽኖች ዋና ቦርዳቸው ላይ ሦስት ደብል ኤ ድንጋይ አላቸው። ሳይቀየር ዓመታት ከቆየ ይፈስና መዳቡን ይበላል፤ ከባትሪ ማቀፊያው በታች አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካየሽ ጉዳቱ ከሚታየው በላይ ነው። ወደ ማገናኛዎቹም ሂጂ፦ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ መኖሩ ሲግል የኖረ ግንኙነት ነው ማለት ነው።

ሰሌዳው ላይ ቀለሙ እስከ እንጨቱ የተበላበት ቦታ ፈልጊ፤ ብዙ ጊዜ ኳስ ከሚተፉ ጉድጓዶች ፊት ለፊትና ከፍሊፐሮቹ አካባቢ ነው። ይህ ውድ ጥገና ነው። የተሰነጠቀ ራምፕም ዋጋ ያስቀንሳል፣ በተለይ መተኪያው የማይመረትለት ከሆነ። የደከመ ፍሊፐር ግን አያስፈራሽ፤ ያረጀው የኮይሉ እጅጌና ጫፉ የተቀጠቀጠው ብረት ናቸው፣ ሙሉው መለወጫ እዚያው አዳራሽ ከመለዋወጫ ሻጮች ይገኛል። ኳሶቹን አውጥተሽ እርስ በርስ አነካኪያቸው። ከተሳሳቡ ማግኔት ሆነዋልና ይቀየሩ። የተቧጠጠ ኳስም ሰሌዳውን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። መደበኛዋ ኳስ 27 ሚሊ ሜትር፣ 80 ግራም ገደማ ናት።

ማሳያውንም አንብቢ። በብዙ የ1990ዎቹ ማሽኖች ከነፃ መጫወቻ ጽሑፉ ቀጥሎ ነጥብ ካለ ማሽኑ ራሱ ያገኘው ብልሽት አለ፤ የሳንቲም በሩ ውስጥ ባሉት ቁልፎች ወደ ፍተሻው ገብተው ምን እንደሆነ ያዩታል። ኮይሎቹን ለመፈተሽ በሩ ይዘጋ፣ ወይም የበሩ ማብሪያ ማጥፊያ ወደ ውጭ ይሳብ፤ በሩ ክፍት ሲሆን የኮይሎቹ ኃይል ስለሚቋረጥ «ፍሊፐሩ ሞቷል» ብሎ የሚሸሽ ገዢ አለ።

ዋጋ የሚወርደው እሑድ ነው፤ 120 ኪሎ የሚጠጋ ዕቃ መልሶ ቤቱ መውሰድ የሚፈልግ ሻጭ የለም። በጥሬ ገንዘብ ብትከፍዪ መደራደር ይቀልሻል።

ምሳ ዕቃ

ከምግብ በኩል ላክል። የፌስቲቫሉ ወቅት ከሁዳዴ ጋር ስለሚገጥም ለጾመኛ አዳራሹ ውስጥ የሚሸጠው በርገርና ፒዛ አይሆንም። መኪና ውስጥ የምትተዉት ሽሮ ፍትፍት ወይም ቆሎ ያዙ። ለልጁ የጆሮ መከላከያ አትርሺ፤ የሁሉም ማሽን ድምፅ ባንድ ላይ ሲሆን ከባድ ነው። ጫማችሁ ለረጅም መቆም የሚሆን ይሁን።

የጋርላንዷ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም ጻፍኩት። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ሚኒቫን ውስጥ ይገባል? አዲስ አበባስ በ220 ቮልት ይሠራል?

የኮይል ሽታ

ይገባል፣ የኋላ ወንበሮቹ ከታጠፉ። ከሁሉ በፊት ኳሶቹ ይውጡ፤ ማሽኑ ሲጋደም ውስጥ ለውስጥ እየተንከባለሉ ፕላስቲክ ይሰብራሉ። የላይኛው ሳጥን በብርድ ልብስ ላይ ታጥፎ በቀበቶ ይታሰራል፣ ከዚያ አራቱ እግሮች ይፈታሉ፤ በእያንዳንዱ ሁለት ብሎን አለ፣ ቁልፉ አምስት ስምንተኛ ኢንች ነው። ያኔ ርዝመቱ 140፣ ስፋቱ 75 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ሁለት ጠንካራ ሰው ያስፈልጋል።

ስለ ቮልቱ፣ የ1990ዎቹ ዊሊያምስና ባሊ ትራንስፎርመር የተሠራው ለሁለቱም ነው። በማኑዋሉ ሥዕል መሠረት የግቤት ማገናኛው ላይ ያሉት አጫጭር ሽቦዎች ቦታቸው ይቀየራል፣ የመግቢያው ፊውዝም ለ230 ቮልት በተጻፈው አነስተኛ አምፔር ይተካል። ይህን መንካት ካልፈለጋችሁ ከ1,000 ዋት የማያንስ ማውረጃ ትራንስፎርመር ይሠራል። ሽቦውን የሚቀይረው ባለሙያ ግን በኃይል ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ቫሪስተር (ከመጠን ያለፈ ቮልት የሚከላከለውን) እንዳይዘነጋ ንገሪው። ለ120 ቮልት የተሠራው ሳይቀየር 220 ላይ ከተሰካ መጀመሪያ የሚቃጠለው እሱ ነው፤ ፊውዙንም ይዞት ይሄዳል።