የውጭ አገር የንግድ አብራሪ ፈቃድን ወደ አውሮፓ ስለመለወጥ

ጥያቄ፦ ከአውሮፓ ውጭ የተሰጠኝን የንግድ አብራሪ ፈቃድ ይዤ በአውሮፓ ለመቀጠር አስቤአለሁ፤ ሥልጠናውን ከመጀመሪያው መድገም ይጠበቅብኛል?

መልስ 1፦ ሙሉውን ኮርስ መድገም አይጠበቅብዎትም። ሆኖም በአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ ደንብ መሠረት 13 የጽሑፍ ፈተናዎችን፣ በአየር ላይ የሚሰጠውን የብቃት ፈተና እና የ1ኛ ደረጃ የጤና ምርመራ ማለፍ ግዴታ ሲሆን፣ የጽሑፍ ፈተናዎቹ ከመጀመሪያው ሙከራ አንሥቶ በ18 ወራት ውስጥ መጠናቀቅ አለባቸው። ቀድሞ ያበረሩት ሰዓት የተግባር ሥልጠናውን ያሳጥርልዎታል እንጂ ከጽሑፍ ፈተናው አያድንዎትም።

መልስ 2፦ እኔ ብሆን ለመጻሕፍትና ለፈተና ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የጤና ምርመራውን አስቀድም ነበር፤ እርሱ ካልተገኘ የቀረው ድካም ሁሉ ዋጋ የለውም።

መልስ 3፦ ፈቃድ መለወጥና ለጊዜው ዕውቅና ማግኘት የተለያዩ ናቸው፤ ሁለተኛው የተወሰነ ጊዜ ብቻ ያገለግላል። ደግሞም የአብራሪነት ፈቃድ የሥራ ፈቃድ አይደለምና በዚያ አገር ተቀጥሮ የመሥራት መብትዎን ለብቻው ያጣሩ።