የ16 ዓመት ተከላካይ፦ ዩኤስኤችኤል፣ ኤንኤኤችኤል ወይስ ኦኤችኤል?

ጥያቄ (የሁለት ልጆች እናት)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ በሚሺጋን በኤኤኤ (ከፍተኛው የታዳጊዎች ምድብ) ቡድን በተከላካይነት የበረዶ ሆኪ ይጫወታል። 11ኛ ክፍል ሊገባ ነው። የዩኤስኤችኤል (በአሜሪካ አንደኛው የወጣቶች ሊግ) ቡድን ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ተከላካይ አድርጎ ሊይዘው ይፈልጋል። የኤንኤኤችኤል (ሁለተኛው እርከን) ቡድን በሦስተኛው ጥንድ በቋሚነት አሰልፈዋለሁ ብሏል። የኦኤችኤል (መሠረቱ ካናዳ የሆነ የወጣቶች ሊግ) ቡድን ደግሞ ለልምምድ ካምፕ ጠርቶታል። ምኞቱ የኮሌጅ ሆኪ ነው። ኦኤችኤል ከገባ ኮሌጅ ይቀርበታል ወይ? የቱን ትመክሩኛላችሁ?

ሰማያዊ መስመር፦
እህቴ፣ ከሊጉ ስም በፊት ደቂቃውን አስይው። ጨዋታው 60 ደቂቃ ነው፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ተከላካዮች ስለሚገቡ 120 ደቂቃ ለስድስት ይከፈላል። እኩል ግን አይደርሳቸውም። የመጀመሪያው ጥንድ ከ20 በላይ ይወስድና ለሦስተኛው ጥንድ 12 ወይም 14 ይተርፈዋል። ሰባተኛው አብዛኛውን ጊዜ ከተመልካች ጋር ተቀምጦ ያያል። ዩኤስኤችኤል በአሜሪካ አንደኛው የጁኒየር (እስከ 20 ዓመት ያሉ ወጣቶች) እርከን ነው፤ በመደበኛው የውድድር ዘመን 62 ጨዋታ አለው። ከዚያ ውስጥ ሃያውን ብቻ የሚሰለፍ ልጅ በልምምድ ፍጥነቱ ይጨምር ይሆናል፤ ፓክ (በዱላ የሚመታውን ክብ ጎማ) ይዞ በጫና ውስጥ መወሰንን ግን አይማርም። ለተከላካይ ደግሞ ትልቁ ትምህርት እሱ ነው።

አሰልጣኙን እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ ባለፉት ሁለት ዓመታት የ16 ዓመት ተከላካዮቻችሁ ስንት ጨዋታ ተሰለፉ? ከዘንድሮዎቹ ተከላካዮች ስንቱ ይመለሳሉ? የተሰለፉበት ቁጥር በሊጉ መዝገብ ላይ ስላለ መልሱን ከዚያ ጋር አስተያዪው። ኤንኤኤችኤልም ቀላል አይደለም፤ እስከ 20 ዓመት ያሉ ጎልማሶች ስላሉበት አካሉ ያልጠነከረ ልጅ በግድግዳው ጥግ ሲታገል ይውላል።

የእኔ ምርጫ ከሦስቱ ውጭ ነው፦ አንድ ዓመት በ18 ዓመት በታች ኤኤኤ ይቆይ፤ በመጀመሪያው ጥንድ፣ በፓወር ፕሌይም (ተጋጣሚው ሰው ሲጎድልበት)፣ ቡድኑ አንድ ሰው ሲጎድልበትም ይጫወት። የዩኤስኤችኤሉ ቡድን በተባባሪ ተጫዋችነት መዝግቦት በዓመቱ ውስጥ ለጥቂት ጨዋታ ይጠራው እንደሆነ ጠይቂ።

የመዝገብ ሰው፦
ስለ ኮሌጁ ልመልስልዎ። ኦኤችኤል፣ ደብሊውኤችኤልና የኩቤክ ሊግ በሲኤችኤል (የካናዳ የጁኒየር ሊጎች ማኅበር) ሥር ናቸው። ቀድሞ እዚያ የተጫወተ ልጅ የኤንሲኤኤ (የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር) አንደኛ ዲቪዚዮን ዕድሉን ያጣ ነበር። ኅዳር 2024 በፈረንጆች ደንቡ ተለወጠና ከነሐሴ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሩ ተከፍቷል። ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ ልጁ ከትክክለኛና አስፈላጊ ወጪው በላይ ክፍያ እንዳይቀበል፣ ከኤንኤችኤል (ዋናው የፕሮፌሽናል ሊግ) ቡድን ጋር ውል እንዳይፈርም።

በብዛት ልጆችን የሚጥለው ትምህርቱ ነው። ለአንደኛ ዲቪዚዮን 16 የተፈቀዱ ዋና ኮርሶች ያስፈልጋሉ፦ እንግሊዝኛ 4፣ ሒሳብ 3 (ከአልጀብራ 1 ጀምሮ)፣ ሳይንስ 2፣ ማኅበራዊ ሳይንስ 2፣ ከእንግሊዝኛ፣ ከሒሳብ ወይም ከሳይንስ ተጨማሪ 1፣ ሌላ 4። አማካይ ውጤት ቢያንስ 2.3። ከሰባተኛው ሴሚስተር በፊት አሥሩ ማለቅ አለባቸው፤ ከአሥሩም ሰባቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ መሆን አለባቸው። ልጅዎ 11ኛ ክፍል ስለሚገባ ይህ ዓመት ወሳኙ ነው። ለሆኪ ብሎ ትምህርት ቤት የሚቀይር ልጅ በኢንተርኔት የወሰደው ኮርስ ያልተፈቀደ ሆኖ ሲገኝ ቁጥሩ ይጎድልበታል። ከመፈረም በፊት የአዲሱን ትምህርት ቤት የኮርስ ዝርዝር ከኤንሲኤኤ የብቁነት ማእከል ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ።

ረጅም መንገድ፦
ካምፕ መጠራት ቦታ ማግኘት አይደለም። ኦኤችኤል 68 ጨዋታ ነው፤ በአውቶቡስ የሚያልፈውን ሰዓት፣ የትምህርት አስተባባሪ መኖሩን፣ ልጁ ከቤቱ ርቆ ሲኖር የሚያርፍበትን ቤተሰብ ማን እንደሚመርጥና ባይስማሙ ማን እንደሚያዛውረው ጠይቂ። ስለ ትምህርት ድጋፉ (ቡድኑ ለኮሌጅ የሚከፍለው ገንዘብ) በቃል የተነገረውን አትቀበይ። ለእያንዳንዱ ዓመት ስንት እንደሚከፈል፣ እስከ መቼ መጀመር እንዳለበት፣ ቡድኑ ቢያሰናብተው ወይም ቢያዛውረው ምን እንደሚሆን በውሉ ላይ ይጻፍ።

የሁለት ልጆች እናት፦
አመሰግናለሁ፣ ብዙ ገባኝ። አንድ የሦስተኛ እርከን ቡድን ደግሞ ክፍያ ጠይቆ «ስካውቶች (ተጫዋች መልማዮች) ያዩታል» ይለኛል።

ሰማያዊ መስመር፦
በ16 ዓመቱ አያስፈልገውም። ዩኤስኤችኤልና ኤንኤኤችኤል ለመጫወት አያስከፍሉም፤ በሦስተኛው እርከን ግን ብዙዎቹ ቡድኖች ወላጅን ያስከፍላሉ። በፊት የተጫወቱላቸው ተከላካዮች የት እንደ ደረሱ ለይተው ይንገሩሽ፤ የአንደኛና የሦስተኛ ዲቪዚዮን ኮሌጅ በአንድ ላይ ተቆጥሮ ከቀረበልሽ ነጣጥለው እንዲያሳዩሽ ጠይቂ።