የሙከራችን ውጤት ከመጽሐፉ ተለየ፤ መላምቱን እንጣል ወይስ መሣሪያውን እንጠርጥር?

የሱሉልታው መምህር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከእንጦጦ ተራራ ማዶ፣ ሱሉልታ ውስጥ ሳይንስ አስተምራለሁ። ሳይንሳዊ ዘዴን የማስተምረው በተለመደው ቅደም ተከተል ነው፤ ምልከታ፣ መላምት፣ ሙከራ፣ ድምዳሜ። ሰሞኑን ይህን በተግባር ለማሳየት «ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል» የሚለውን እንደ መላምት ወስደን ውሃ አፈላን። ውሃው እየተንተከተከ ሳለ የቴርሞሜትሩ ቀይ ፈሳሽ 91ን አልፎ 92 ሳይደርስ ቆመ፤ እሳቱን ብንጨምርም ንቅንቅ አላለም። ገሚሱ ተማሪ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል አለ፤ ሌላው የቧንቧ ውሃችን ንጹሕ አይደለም አለ፤ አንዲት ተማሪ ግን «መላምት ከሙከራ ጋር ካልተስማማ ይጣላል ብለውን አልነበረም? ታዲያ ለምን አንጥለውም?» ስትል ጠየቀችኝ። የቦታችን ከፍታ የአየር ግፊቱን እንደሚቀንሰውና ውሃውም ቀድሞ እንደሚፈላ ልነግራቸው እችላለሁ። ሆኖም መልሱን ከእኔ አፍ ተቀብለው ከሄዱ ዘዴውን አልተማሩም። ጥፋቱ የመላምቱ ይሁን የመሣሪያው ወይም የሌላ ነገር፣ ዘዴው ራሱ በምን ይለየዋል? መለየት የማይችልበትስ ጊዜ አለ?

ፊዚክስ ወዳድ (ቃሊቲ)፦
ውድ መምህር፣ ተማሪዎ ያነሣችው የሳይንስ ፈላስፎች ከመቶ ዓመት በላይ የተከራከሩበትን ጉዳይ ነው። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒየር ዱሄም በ1906 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው እንዳስረዳው፣ አንድ ሙከራ አንድን መላምት ብቻውን ነጥሎ አይፈትንም፤ አብረውት የተወሰዱትን ታሳቢዎች ሁሉ ጭምር ይፈትናል እንጂ። በእናንተ ሙከራ ውስጥም ቴርሞሜትሩ ትክክለኛ ነው፣ ውሃው ንጹሕ ነው፣ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል ግፊት ጋር እኩል ነው የሚሉ ያልተነገሩ ታሳቢዎች ነበሩ። ቁጥሩ የነገራችሁ ከእነዚህና ከመላምቱ መካከል ቢያንስ አንዱ ስሕተት መሆኑን እንጂ የትኛው እንደሆነ አይደለም።

ስለዚህ ተጠርጣሪዎቹን በየተራ መመርመር ያስፈልጋል። ቴርሞሜትሩን በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ይንከሩት፤ በረዶ የሚቀልጥበት ሙቀት በአየር ግፊት እምብዛም ስለማይለወጥ፣ ሱሉልታም ላይ ዜሮ ማንበብ አለበት። ከላይኛው ጫፍ በኩል ሊሳሳት ስለሚችል ግን ሌላ ፋብሪካ በሠራው ቴርሞሜትር ፍላቱን ደግመው ይለኩ። የውሃው ጉዳይ ይቀልላል፦ በውሃ ውስጥ የሟሙ ጨዎችና ማዕድናት ነጥበ ፍሌትን (ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት) ከፍ ያደርጋሉ እንጂ ዝቅ አያደርጉም፤ እናንተ ያገኛችሁት ዝቅ ያለ ነው።

ግፊቱን ክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻላል። መፍላቱን ያቆመ፣ ነገር ግን ገና በጣም ትኩስ የሆነ ውሃ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በትንሹ ይሳቡ፤ ጓንት አድርገው አፉን በጣትዎ ይድፈኑና ዘንጉን ወደ ኋላ ይጎትቱ። ምንም እሳት ሳይነካው ውሃው አረፋ እያወጣ እንደገና ይፈላል፤ ዘንጉን ሲለቁት ይረጋል። ከዚያ በኋላ ትንበያ ይስጡ። በየ300 ሜትሩ ነጥበ ፍሌት በ1 ዲግሪ ገደማ ስለሚለወጥ፣ ከሱሉልታ ወደ 1,000 ሜትር ዝቅ ብላ በምትገኘው አዳማ ከ3 ዲግሪ በላይ ጭማሪ መታየት አለበት። ትንበያው ከመለካቱ በፊት ተጽፎ ይቀመጥ፤ ከውጤቱ በኋላ የሚመጣ ማብራሪያ ምንጊዜም የሚገጥም ይመስላልና።

ሰማይ ተመልካች (እንጦጦ)፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ይህ መንገድ ሁልጊዜ ፈጥኖ መልስ እንደሚሰጥ ተማሪዎቹ እንዳያምኑ እፈልጋለሁ። ዩራነስ በኒውተን ሕግ ከተሰላለት መንገድ ፈቀቅ ብላ ስትገኝ ሕጉ አልተጣለም። ይልቁንም ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኡርባን ለቬሪዬ ያልታየች ፕላኔት እየሳበቻት ነው ብሎ ቦታዋን አሰላ፤ በ1846 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ኔፕቲዩን ከትንበያው 1 ዲግሪ በማይሞላ ርቀት ተገኘች። ይኸው ሰው በ1859 እ.ኤ.አ. በሜርኩሪ ምሕዋር ላይ ትንሽ ልዩነት ሲያገኝ ያንኑ ዘዴ ተጠቀመ፤ ለፀሐይ ይበልጥ የቀረበች ሌላ ፕላኔት አለች ተባለ፣ ቩልካን የሚል ስምም ወጣላት፣ ለአሥርት ዓመታት ተፈልጋ ግን አልተገኘችም። በመቶ ዓመት 43 የቅስት ሰከንድ (አንዱ የቅስት ሰከንድ የ1 ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) የምታህለውን ያችን ልዩነት በ1915 እ.ኤ.አ. ያብራራው የአይንስታይን ንድፈ ሐሳብ ነው፤ በዚህኛው ጊዜ የጎደለው ሕጉ ራሱ ነበር።

ልብ በሉ፣ ሁለቱም ጊዜ የተወሰደው እርምጃ አንድ ዓይነትና ምክንያታዊ ነበር። መቼ ታግሶ መፈለግ፣ መቼስ ሕጉን መተው እንደሚገባ የሚነግር ደንብ አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ያም ሆኖ ማንኛውም ሰበብ ይፈቀዳል ማለት አይደለም፤ ሕጉን ለማዳን የሚቀርብ አዲስ ታሳቢ በሌላ መንገድ ሊፈተን የሚችል መሆን አለበት። ኔፕቲዩንም ቩልካንም በቴሌስኮፕ ሊፈለጉ የሚችሉ ነበሩ።

የሰብል ባለሙያ (ሆለታ)፦
በእኛ ሥራ ችግሩ ይብሳል፤ ማሳ እንደ ቴርሞሜትር ተይዞ አዳማ አይወርድም። ገበሬው ኮምፖስት የጨመረበት ግማሽ ማሳ የተሻለ ጤፍ ቢሰጠው፣ ያ ግማሽ አፈር ታጥቦ የሚከማችበት የታችኛው ዳገት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ለቤት ቀርቦ ለዓመታት ፍግ የተደፋበት። ተጠርጣሪው በዝቶ አንድ በአንድ አይለቀምም። እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ ያዳበረው ዘዴ መሬቱን በትናንሽ ቁራሾች ከፍሎ ኮምፖስት የሚያገኙትን በዕጣ መለየት ነው። በዕጣ ሲሆን የማናውቀው ልዩነት እንኳ ለአንዱ ወገን አያደላም፤ በአጋጣሚ የሚመጣው መዛባት ምን ያህል ሊሆን እንደሚችልም ይሰላል። ውጤቱ ግን አማካይ ነው፤ የአንድ ገበሬን ማሳ ለይቶ አይናገርም፤ የዘንድሮ ዝናብም ከርሞ ስለማይደገም ሙከራው በሌላ ዓመትና በሌላ ቦታ መደገም አለበት።

ሌላም ወሰን አለ። እዚህ የከተማው ዳርቻ ላይ የጤፍ መሬት ቤት ሲሠራበት ስንት ኩንታል እንደሚቀር በሙከራና በልኬት መገመት እችላለሁ። እህሉና መኖሪያው ሲነጻጸሩ የትኛው ይቅደም ለሚለው ግን የትኛውም ልኬት ብቻውን መልስ አይሰጥም።

የሱሉልታው መምህር፦
እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አዳማ ዘመድ ያለው ተማሪ ቴርሞሜትሩን ይዞ ይሄዳል። ትንበያውን አስቀድሞ ማወቁ ችግር ይሆን?

ፊዚክስ ወዳድ (ቃሊቲ)፦
ይሆናል። ፈሳሹ በሁለት መስመሮች መካከል ሲቆም ዓይን ወደሚጠብቀው ቁጥር ያደላል። ትንበያውን የማያውቅ ሰው ያንብብለት፤ ተማሪው ደግሞ የቴርሞሜትሩን ፎቶ ያንሣ፣ ክፍል ውስጥም ትንበያውን ያልሰማ ተማሪ ከፎቶው ደግሞ ያንብበው።